ሙት የተጠራበት ችሎት

ጡረታ ከወጣሁ አንድ ክረምት አለፈ። ከአውራጃው ፍርድ ቤት ስሰናበት ባልደረቦቼ በግ አርደው ሸኙኝ፤ የጡረታ ወረቀቴም ብዙ አመላልሶኝ በመጨረሻ አለቀ። ስለ ወረቀቱ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም። ብዕር ያስነሣኝ ሌላ ነው። ለፋሲካ የእኅቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሁለት የትምህርት ጓደኞቹን ይዞ ደብረ ታቦር መጣ። ሦስቱም የሕግ ተማሪዎች ናቸው። ምሳ በልተን ስናበቃ እኔን ረስተው ክርክር ገጠሙ። አንደኛው ዳኝነት ይሻላል ይላል፤ የታወቀ ወንበር ነው፣ አባቱም የሚመኙለት እሱን ነው። ሁለተኛው የራሱን የጥብቅና ቢሮ ሊከፍት ያስባል። የእኅቴ ልጅ ደግሞ ገጠር ወርዶ ጠበቃ ለማያገኝ ገበሬ ሊቆም ይፈልጋል፤ ማን እንደሚያበላው ግን አያውቅም።

«ጋሼ፣ እርስዎ በኛ ዕድሜ ሳሉ እንዴት መረጡ?» አለኝ።

«እኛ የመረጥነው ሙት ሲጠራ ሰምተን ነው» አልሁት።

የምቀልድ መስሏቸው ሣቁ። ነገርኋቸው። እስክጨርስ አንዳቸውም ብርጭቋቸውን አላነሡም። እንደነገርኋቸው እጽፈዋለሁ።

እኔና ጓደኛዬ ልየው የሕግ ትርጓሜ የተማርነው በየኔታ ክንፉ ቤት ነው። ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ላይ ነበረች። ልየው የጉና ተራራ ግርጌ ገበሬ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲበላም ሲማርም የማይቸኩል። እኔ የከተማ ልጅ ነበርሁ፤ አፌ ይፈጥናል። በዚያ ዘመን የሕጉን መጽሐፍ ከነትርጓሜው የጨረሰ ተማሪ መንገዱ የታወቀ ነበር። ወይ ከገዢው ችሎት ተቀምጦ ሕግ እየጠቀሰ ያስፈርዳል፣ ወይ ነገረ ፈጅ ሆኖ የትልልቅ ሰዎችን ርስት ይሟገታል፣ ወይ እንደ መምህሩ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። የኔ አባት የሚያልሙልኝ የመጀመሪያውን ነበር።

የኔታ ክንፉ ቀጭን ሰው ነበሩ፤ አንድ ዐይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ባለጉዳይ ሲጮህ እሳቸው ይበልጥ ዝቅ ይላሉ፤ ሰውየው እሳቸውን ለመስማት ሲል ዝም ይላል። በዳኝነት ዘመኔ ሁሉ ይህንን ተጠቅሜበታለሁ። ሌላም ልማድ ነበራቸው። ማንም ተማሪ መልስ ከመስጠቱ በፊት የባላጋራውን ቃል መድገም ነበረበት። ባላጋራው «አዎ፣ ያልሁት ይኸንን ነው» ካላለ መልስ የለም፤ እንደገና ይደግማል። ልየው ይህን ሲያደርግ የሰውየውን ቃል ብቻ ሳይሆን ሐዘኑንም ጭምር ይደግመው ነበር። እኔ ግን ሁልጊዜ ጥቂት አጣምም ነበር፤ የኔታም ያውቁብኛል።

ከልማዳቸው ሁሉ ያስፈራን ግን አጎዛው ነበር። ክርክር ስንጀምር ከመካከላችን ነጭ የበግ አጎዛ ያነጥፋሉ። ማንም አይቀመጥበትም። «ይህ የሌለው ሰው ቦታ ነው» ይላሉ። «በያንዳንዱ ነገር ውስጥ ያልመጣ ሰው አለ። የሞተ አባት አለ፣ ያልተወለደ ልጅ አለ፣ ፈርቶ የቀረ ምስክር አለ። ስትናገሩ ወደሱም ተመልከቱ።» አንዳንድ ቀን ክርክሩ ሲጠና ባዶው አጎዛ ላይ ዐይኔን ጥዬ ማንሣት ያቅተኝ ነበር። በቤት ውስጥ አንድ ሰው የበዛን ይመስለኝ ነበር። ለልየው ስነግረው «አንተንም ይመስልሃል?» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ነገሩን አንሥተነው አናውቅም።

ጣሊያን ከተማችን ገባ። ኮረብታው ላይ ምሽግ ሠራ፤ ባለቤቱ ጥሎት የሸሸውን አንድ የድንጋይ ቤት ደግሞ ችሎት አደረገው። ችሎቱን የሚመራው አንድ ካፒቴን ነበር። ጢሙን የሚላጭ፣ እጁን አዘውትሮ የሚታጠብ፣ ሰው የማይሰድብ ሰው ነው። ለሀገሬው ነገር የሀገሬውን ሕግ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ ብሎ ወደ የኔታ ላከ። በዚያው ሰሞን ገበያ ጨው የምትሸጥ አንዲት ሴት ወደ ቤታችን ገባችና ሌላ መልእክት አመጣች። ጉና ላይ ያሉት አርበኞች መሪ፣ ፊታውራሪው፣ እነሱም ሕግ አዋቂ ይሻሉ።

«ልጆቹ እርስ በርሳቸው መገዳደል ጀምረዋል» አለች። «በበሬ ይጣላሉ፣ በዘብ ይጣላሉ። ዳኛ የለም። ፊታውራሪ ‘ጠመንጃ አለኝ፣ ሕግ ግን የለኝም’ ይላሉ።»

የኔታን ጠየቅናቸው። «አልመርጥላችሁም» አሉ። «ችሎቱን ሄዳችሁ እዩት። ሰው የሚዳኝበት ከሆነ፣ ማንም ያቁመው ማን ድኻ ፍርድ ያገኝበታል። ካልሆነ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።»

ሄድን። እውነቱን ለመናገር ሥራውን ወደድሁት። የድንበር ክርክር፣ የንብ ቀፎ፣ የባልና ሚስት ንብረት፤ እኛ ሕጉን እንጠቅሳለን፣ አስተርጓሚው ይነግረዋል፣ ካፒቴኑ ራሱን ይነቀንቅና ያጸድቃል። አባቴ ኩራታቸውንም ሐፍረታቸውንም የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። እኔም የጉናን መንገድ ማሰብ ተውሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት የችሎቱ ጠሪ በር ላይ ቆሞ አንድ ስም ጮኸ። «አያሌው ደስታ!» መልስ የለም። ደገመ። ሦስተኛ ጠራ። ከችሎቱ ፊት ለፊት ያለው ገበያ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ፤ አህዮቹ እንኳ ጆሯቸውን አቁመው የቆሙ መሰለኝ።

«ተከሳሹ አልቀረበም፤ ቀጠሮ ይሰጥ» አልሁ።

አስተርጓሚው ተናገረ። ካፒቴኑ መለሰ። አስተርጓሚው ወደ መሬት እያየ «ቀጠሮ አያስፈልግም፣ ፍረዱበት ይላሉ። ሽፍታ አብልቷል። ርስቱ ይወረሳል» አለ።

«ያልተጠየቀ ሰው ላይ እንዴት ይፈረዳል? የት ነው ያለው?»

አስተርጓሚው ይህንን አልተረጎመም። ከአጥሩ ጥግ አንዲት አሮጊት ተነሡ። የአያሌው እናት ነበሩ፤ እማማ ሰገዱ ይባላሉ። አላለቀሱም። ሰው እንዳላገኘ መንገደኛ ግራ ቀኙን እያዩ «ልጄን ገደል አፋፍ ላይ ገድለው ወረወሩት እኮ» አሉ። «በዐይኔ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ ለምን ይጠሩታል? ቢመጣስ?»

«ቢመጣስ?» ያሉት ቃል በገላዬ ላይ እንደ በረዶ ወረደ።

የገባኝ ያኔ ነው። መጀመሪያ ይገደላል፤ ርስቱን ለባንዳ ለመስጠት ደግሞ ፍርድ ያስፈልጋል። እኛ የተቀጠርነው ለዚህ ነበር። ልየው ከተቀመጠበት ተነሥቶ አሞኛል ብሎ ወጣ፤ እኔም ያለሱ ሕግ መጥቀስ አልችልም ስላልሁ ነገሩ ለሚቀጥለው የችሎት ቀን አደረ።

ወደ የኔታ ሄድን። ነገርናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ሦስት ጊዜ ተጠራ?» አሉ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ማንም አልመለሰም?»

«ማን ይመልስ? ሞቷል።»

«እሱንማ ሰማሁ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በችሎቱ ቀን ከጉና የወረደ ጉም ከተማውን ውጦት ነበር። አጥሩ አይታይም፤ ገበያተኛው ድምፅ ብቻ ሆኗል። ጠሪው ወጣ። «አያሌው ደስታ!» ጉሙ ድምፁን ዋጠው። ለሁለተኛ ጊዜ ጠራ፤ ድምፁ ተንቀጥቅጦ ነበር። ሦስተኛውን ጠራ።

«አቤት!»

ከጉሙ ውስጥ ነው። ቅርብ ይሁን ሩቅ አይታወቅም። ጠሪው በደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ገበያው ውስጥ ሴቶች እንደ አንድ ሰው አማተቡ፣ ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። እማማ ሰገዱ እጃቸውን ዘርግተው «ልጄ! እዚህ ነኝ፣ በዚህ በኩል ና!» እያሉ ወደ ድምፁ መሄድ ጀመሩ። ይህንን አሁን ስጽፍም ጸጉሬ ይቆማል። ልየው ክንዴን ጨብጦ ነበር፤ ጥፍሩ ሥጋዬ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከጉሙ ውስጥ የወጡት የኔታ ክንፉ ናቸው። አጎዛውን በትከሻቸው ይዘዋል። እማማ ሰገዱን ሲደርሱባቸው ቆመው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ነገሯቸው፤ አሮጊቷ ባሉበት መሬት ላይ ተቀመጡ። የኔታ ገቡና አጎዛውን ተከሳሽ በሚቆምበት ቦታ አነጠፉ። እሳቸው ከኋላው ቆሙ።

«ስለ አያሌው ደስታ ነገረ ፈጅ ነኝ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደወትሮው ዝቅ ያለ ነው። «ክሱ ይነገረውና መልስ እሰጣለሁ።»

አስተርጓሚው የካፒቴኑን ቃል ሁሉ ጮክ ብሎ የመናገር ልማድ ነበረው። ካፒቴኑ ተናዶ አንድ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚውም ሳያስብ አወጣው፦ «ይህ ሽማግሌ ሰውየው እንደሞተ አያውቅም ወይ? ይላሉ።»

ደጅ ያለው ሕዝብ ሰምቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ገደልን ብሎ አያውቅም ነበር፤ የጠፋው ሁሉ ሸፈተ ነበር የሚባለው።

«ባላጋራዬ ‘ሞቷል’ ብሏል» አሉ የኔታ። «ቃሉን ደግሜያለሁ፤ ያልሁት ይኸንን አይደለም ካለ ይናገር። እንግዲያስ ሞቶ ከሆነ ማን ገደለው? በየትኛው ፍርድ? ፍርዱ ዛሬ የሚሰጥ ከሆነ፣ ቅጣቱን ቀድሞ የሰጠው ማን ነው? ደንበኛዬ ይህ እስኪመለስለት ድረስ እዚህ ይቆያል» ብለው አጎዛውን በእጃቸው አሳዩ።

ሁላችንም ወደዚያ ተመለከትን። ካፒቴኑም ተመለከተ። ለረጅም ጊዜ ነው የተመለከተው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠና ወታደሮቹን ጠራ።

የኔታን ወደ ምሽጉ ወሰዷቸው። ፍርዱን ካፒቴኑ ራሱ ሰጠው፤ የአያሌው ቤት በዚያው ቀን ተቃጠለ። እንዲህ ነው የተሸነፉት። ብዙ ሰው ይህንን ታሪክ ሲያወራ አሸነፉ ይላል፤ አላሸነፉም። አንድ ነገር ግን ሆነ። በሚቀጥለው የችሎት ቀንም ጉም ነበር፤ ሌላ ሙት ሲጠራ ከገበያው ውስጥ «አቤት!» የሚል ድምፅ መጣ። ከአጥሩ ኋላ ሌላ ድምፅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሌላ። የሴትም የወንድም፣ የክርስቲያንም የእስላም ነጋዴም ድምፅ ነበር። ወታደሮቹ ወደ ጉሙ ተኮሱ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ እንደገና ሩቅ ላይ «አቤት!» አለ። ከዚህ በኋላ ጠሪው ሙት አልጠራም አለ። ቢደበድቡትም አልጠራም። እንዲህ ያለው ፍርድ ከዚያ ወዲያ በምሽጉ ውስጥ ሆነ እንጂ በአደባባይ አልተደረገም።

እኔና ልየው ወንዝ ዳር ወርደን ተቀመጥን።

«ወደ ጉና እሄዳለሁ» አልሁት። «አብረን እንሂድ።»

«አንተ ሂድ» አለ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገር። «ወደ ምሽጉ መግባት የሚችለው የችሎት ሰው ብቻ ነው። ሁለታችንም ከሄድን የኔታን ማን ያበላቸዋል?»

«ባንዳ ይሉሃል።»

«ይበሉኝ።»

ተቃቅፈን ተለያየን። አባቴን እንኳ ሳልሰናበት ወጣሁ።

ጉና ላይ ያለው ሥራ የምማርበትም የምታመምበትም ሆነ። ችሎታችን ከአንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር ነበር። ብርዱ ቀለም ያረጋል፤ ስለዚህ አልጽፍም፣ በቃል እይዛለሁ። ፊታውራሪው ቁጡ ቢሆኑም ፍርድ ያከብሩ ነበር፤ የገበሬ በሬ የነዳ የራሳቸውን እኅት ልጅ በሕዝብ ፊት አስክሰውታል። እዚያ የቀጠሮን ዋጋ ተማርሁ። የተቆጣ ሰው ቀን ሲሰጠው ብዙ ጊዜ ግማሽ ቁጣው በመንገድ ይቀራል።

ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። ጥሩነህ የሚባል ገበሬ ጣሊያንን መንገድ መርቶ ልጆቻችንን አስፈጅቷል ተብሎ ታስሮ መጣ። ሰውየው «በዚያ ቀን አንበሳሜ ገበያ በቅሎ ስሸጥ ነበርሁ፤ የገዛኝ እስላም ነጋዴ ይመስክር» አለ። ነጋዴው እስኪመጣ ቀጠሮ ሰጠሁ። ፊታውራሪው ተስማሙ። ነጋዴው በቅሎዋን ራሷን እየሳበ መጣ፤ የምስክርነት ቃሉን ከመንገድ ጀምሮ ነው የሚናገረው። ሲደርስ ግን ወንድሙ የሞተበት ዘብ ጥሩነህን ገድሎት ነበር። ገና ትኩስ ነበር።

ሰዎቹ ተሰብስበው ወደ እኔ ያያሉ። አንዱ «ጥፋተኛ ነበር በልና ነገሩ ይለቅ» አለ። «የሞተው ሞቷል። ለሞተ ሰው ብለህ የኛን ልጅ ለምን ታሳዝነዋለህ?»

ጠመንጃ የያዙትን ሁሉ አየሁ። በምሽግ ያለው ካፒቴንና ይህ ቁጡ ልጅ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ተነሥቼ ስሙን ጠራሁ። «ጥሩነህ!» ጉሙ በዛፉ ቅርንጫፎች መካከል ይንቀሳቀሳል። ደግሜ ጠራሁ። ሦስተኛውን ስጠራ ጉሮሮዬ ውስጥ የራሴ ያልሆነ ድምፅ መጥቶ «አቤት» አለ። ዝቅ ያለ ድምፅ ነበር። በዙሪያዬ ያሉት ወደ ኋላ ሸሹ፤ እኔም ብችል ከራሴ በሸሸሁ ነበር። ከዚያ የነጋዴውን ቃል ሰማሁ፣ ዘቡንም ሰማሁ፣ ጥሩነህ ንጹሕ ነው ብዬ ፈረድሁ። ፊታውራሪው ጋቢያቸውን አውልቀው ሬሳውን ሸፈኑና «እኔ ራሴ ለሚስቱ እወስደዋለሁ» አሉ።

ወሰዱት። ዘቡም የደም ካሣ ከፈለ፤ ጠመንጃውንም ተቀማ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ጦር ውስጥ ሰው ሳይዳኝ አልተገደለም። ቢሆንም ጥሩነህ ሞቷል። በኋላ በተሾምሁባቸው ወረዳዎች ሁሉ እስረኛን በቀጠሮ ስመልስ ማን እንደሚጠብቀው ሳልጠይቅ ፈርሜ አላውቅም፤ ፖሊሶቹ ይሰለቹኝ ነበር።

ጣሊያን ሲወጣ ወደ ደብረ ታቦር ወረድሁ። የኔታ ምሽጉ ውስጥ አርፈው፣ ልየው በእጁ ቀብሯቸው ደረስሁ። እኔ ወዲያው ዳኛ ተባልሁ፤ ልየው በባንዳነት ተከሰሰ፤ ከኔ ፊት አቀረቡት። ከወንበሬ ተነሥቼ በምስክር ቦታ ቆምሁ። ከኔ ምስክርነት ይልቅ ግን ነፃ ያወጣው የእማማ ሰገዱ ቃል ነው። በሰው ተደግፈው መጡና «ይህ ልጅ ገደል ወርዶ የልጄን ዐፅም ለቅሞ አመጣልኝ» አሉ። «ባንዳም ከሆነ ለኔ ባንዳ አይደለም።» ችሎቱ አሰናበተው። ሥራ ላስገኝለት ስል እጁን አወዛውዞ እምቢ አለ፤ አንበሳሜ ወርዶ ማር ነጋዴ ሆነ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንበሳሜ ተሹሜ ሳለሁ በገበያ ቀን ከሱቁ ሄድሁ። ሽበት ወርሶታል። ማር የተቀባ ዳቦ አቀረበልኝ። እስከዚያ ቀን ጠይቄው የማላውቀውን ጠየቅሁት፤ የኔታ በምሽጉ ውስጥ ምን ይሉት እንደነበር።

ሚዛኑን ወልውሎ አስቀመጠ።

«በመጀመሪያው ቀን ምግቡን ይዤ ስገባ ‘አሁንም ከዚያ ወንበር ላይ ነህ?’ አሉኝ። ‘አዎ የኔታ፣ ካልተቀመጥሁ እዚህ አያስገቡኝም’ አልሁ። ‘እንግዲያስ እስክትነሣ አላነጋግርህም’ አሉ። ብነሣ ደግሞ የሚያበላቸው የለም። ስለዚህ አልተነሣሁም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቃል አላነጋገሩኝም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው የሚቆዩት።»

ደጅ ገበያተኛው ይጮኻል። ልየው አንድ ንብ ከማሩ ጠርዝ ላይ በጣቱ አንሥቶ ወደ ውጪ ለቀቃት።

«ግን ምግቡን ይበሉልኝ ነበር» አለ።